«ጥሩ ማይክ ስገዛ እጀምራለሁ» ለምትሉ

ሥራዬ የሰው ድምፅ መቅዳትና ሚክስ ማድረግ ነው። ሳምንት አያልፍም፣ ጊታር ወይም ክራር የሚጫወት አንድ ልጅ ይደውልልኛል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፤ «የትኛውን ማይክ ልግዛ?» እኔም «የምትቀዳው የት ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ዝም ይላል። ስለ ክፍሉ አስቦ አያውቅማ! ይሄ ነገር በጣም ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

«ውድ ማይክ ከሌለኝ አይሆንም»

አምና አንዲት ልጅ፣ አክስቷ ከዱባይ ያመጣችላትን ኮንደንሰር ማይክ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ማይኩ ሳይበላሽ አይቀርም» አለችኝ። የቀዳችውን ከፍቼ ሰማሁት። ድምጿ ያምራል። ግን ባዶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የምትዘፍን ነው የምትመስለው። ከኋላ የፍሪጅ ጉርምርምታ አለ። የጎረቤት ውሻም አለ። ማይኩ ግን ምንም አልሆነም። እንዲያውም ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ኮንደንሰር ጆሮው ስስ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይለቅማል።

የቀዳችው ሳሎን ውስጥ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ሰፊ። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ድምፅ እየነጠረ ይመለሳል። ማይኩ ከአፍ የወጣውንና ከግድግዳ የተመለሰውን አንድ ላይ ይቀዳል። አንዴ ከተቀላቀሉ በኋላ እኔም ብሆን አጥርቼ ልለያቸው አልችልም።

ቤቷ ሄድኩና መኝታ ክፍሏ ገባን። ከጀርባዋ ፍራሽ አቆምን፣ ከጎኗ ጋቢ ሰቀልን። ስልኳን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገን፣ በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ አስደግፈን አቆምነው። ከአፏ ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ነው። ትንሽ ወደ ጎን አዞርነው፤ «በ» እና «ፈ» ስትል ትንፋሿ በቀጥታ እንዳይመታው ነው። ያንኑ ዘፈን ቀዳች። ሁለቱን አከታትለን ሰማናቸው። በስልኩ የተቀዳው በለጠ። ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሰማችው። ማይኩንም አልጣለችውም። ዛሬ እዚያው ፍራሹ ፊት ለፊት ትቀዳበታለች፤ አሁን የማይኩ ጥራት ይሰማል።

ፒያኖ ተጫዋቿንና የዜማ ደራሲዋን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አስቡ። ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዳቸው በፊት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየተጫወቱ ሲያዜሙ በተራ ቴፕ ቀድተው ነበር። ያ ቅጂ በ2024 በአልበም ወጥቷል። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። እኔ ሳዳምጠው ድምፃቸውና ፒያኖው እንጂ የቴፑ ነገር ትዝ አይለኝም።

«የእንቁላል ካርቶን ከለጠፍኩ ስቱዲዮ ሆነ»

አልሆነም። ካርቶን ቀጭን ነው። ቀጫጭን ድምፆችን ትንሽ ቢነካ ነው እንጂ ወፍራሙን አይዝም፤ የውጭውንም አያግድም። በዚያ ላይ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ወፍራም ብርድ ልብስ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ። ለውጭ ጫጫታ መድኃኒቱ ሰዓት መምረጥ ነው። እኔ ሰፈር ንጋት ላይ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም አለ፣ ቀን ግንባታ አለ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ሰላም ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ደግሞ በክረምት ከሰዓት በኋላ አትቀጣጠሩ።

«ጮክ ብሎ መቀዳት አለበት»

የለበትም። የድምፅ መጠን ማሳያው ላይ ቀዩ ከበራ ድምፁ ተሰነጠቀ ማለት ነው፤ ዝቅ አድርጋችሁ ቅዱ፣ ኋላ ከፍ ይደረጋል።

«ማይኩን የጊታሩ ቀዳዳ ላይ ደቅነው»

እዚያ ጋ ጉምጉምታው ይበዛል። የጊታሩ አንገት ከሳጥኑ ጋር ወደሚገናኝበት ቦታ አዙሩት፤ 30 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ።

«እዝዝ ይላል፣ ዕቃው ተቃጥሏል»

መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ (ትርፍ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) የለውም፤ እዝዝታው ከቻርጀሩ የመጣ ሊሆን ይችላል።

«ብስት እንኳ ኦቶ-ቲዩን ያስተካክለዋል»

ይሄም ያበሳጨኛል። ኦቶ-ቲዩን የሳተ ድምፅን ወደ ቅርቡ ኖታ የሚጎትት ሶፍትዌር ነው። አንድ ልጅ አንቺሆዬ ቅኝት ያለው ዘፈን ልኮልኝ ነበር። ሶፍትዌሩን ሜጀር ስኬል (የፈረንጆቹ የተለመደ ቅኝት) ላይ አድርጎ ለቆበታል። ከአንቺሆዬ ኖታዎች እዚያ ውስጥ የሌሉ አሉ። ስለዚህ ማሽኑ ትክክለኛውን ድምፅ እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ጎረቤቱ ጎትቶታል። ያ ሆድ የሚያባባው ነገር ጠፍቷል። ልጁ ሳይነካው የዘፈነውን አስላኩት። አንድም ቦታ አልሳተም! ድምፅ ከሳተ አምስቴም አስሬም መልሳችሁ ዝፈኑት፤ ቤታችሁ ነው፣ በሰዓት የሚያስከፍላችሁ የለም።

«ከቨር ነው፣ የድሮ ዘፈን ባለቤት የለውም»

አለው። ከቨር ማለት የሌላ ሰው ዘፈን መልሶ መጫወት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ደራሲ ስል ዘፋኙን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የካሴቱን ሽፋን ተመልከቱ፤ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ ይላል። ፈቃዱ ከእነሱ ነው። ቪዲዮው ሥር «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍ ፈቃድ አይሆንም።

ይሄንኑ የነገርኩት አንድ ጊታር ተጫዋች የዜማውን ደራሲ ስልክ አፈላልጎ ደወለ። ሽማግሌው ቅጂውን ላክልኝ አሉት። አዳምጠው ፈቀዱለት፤ ግን ሁለተኛው አዝማች ላይ አንድ ቃል ተሳስቶ እንደሚዘፍን ነገሩት። እሱ ለካ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያው ነበር የሚያውቀው። በዚያው ምሽት ብርድ ልብሱን መልሶ ሰቅሎ፣ ቃሉን አስተካክሎ እንደገና ቀዳው።