ኤን-አሴቲልሲስቴይን ምንድን ነው? ፀጉርን በመንቀል ሕመም ላይስ ምን ታየበት?

ኤን-አሴቲልሲስቴይን፣ በአጭሩ ኤንኤሲ፣ ሲስቴይን ከተባለው አሚኖ አሲድ የሚገኝ ውህድ ሲሆን፣ ሐኪሞች አክታን ለማቅጠንና ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ጉበት ለማትረፍ ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በብዙ አገሮች ያለ ማዘዣ እንደ ማሟያ ንጥረ ነገር ይሸጣል።

ፀጉርን ለሚያስነቅለው ሕመም ትሪኮቲሎማኒያ የሚለውን ስም በ1889 ያወጣው ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም አሎፖ ነው። ታማሚዋ መጽሐፍ እያነበበች እጇ ሳታስበው ወደ አናቷ ይወጣል፤ ጣቶቿ ሻከር ያለችውን አንዲት ፀጉር ከሌሎቹ ለይተው ይይዛሉ፤ ስትነቅላት ለቅጽበት እፎይ ትላለች፤ ከዚያ ግን የሳሳውን ቦታ በሻሽ መሸፈን ይከተላል። ይህ ሕመም ስለሆነ «ተዪው» የሚለው ምክር ሐፍረቷን ከማብዛት በቀር አንዳች አይጠቅማትም።

ኤንኤሲ የታሰበው ግሉታሜት በተባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ምክንያት ነው። ውህዱ የግሉታሜትን መጠን በማስተካከል የመንቀል ጉጉትን ያበርዳል የሚል መላምት ነበር። የአእምሮ ሐኪሙ ጆን ግራንትና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት 50 አዋቂ ታማሚዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታተሉ፤ ከፊሎቹ በቀን ከ1200 እስከ 2400 ሚሊግራም ኤንኤሲ፣ ከፊሎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ወሰዱ፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ታማሚውም መርማሪውም አያውቁም ነበር። ኤንኤሲ ከወሰዱት 56 በመቶው በጉልህ ሲሻላቸው፣ ከማስመሰያው ወገን የተሻላቸው 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ የታየው ከዘጠነኛው ሳምንት ወዲህ ነው።

በ2013 ግን ከ8 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 39 ልጆች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ፣ ኤንኤሲ ከወሰዱት 25 በመቶ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 21 በመቶ ተሻላቸው፤ ይህም እንደ ልዩነት የሚቆጠር አይደለም። የማስመሰያው ወገን ባይኖር ኖሮ ከአራት ልጆች አንዱ በክኒኑ ዳነ ተብሎ በተወራ ነበር። ሕመሙ በራሱ ጊዜ የሚብስና የሚቀል፣ የሐኪም ክትትልና ተስፋም የሚያቀልለው በመሆኑ፣ «ወስጄ ተሻለኝ» የሚለው ምስክርነት፣ ከልብ የተነገረ ቢሆንም እንኳ፣ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ኤንኤሲ ድኝ ስላለበት የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ አለው፤ ጠንቃቃ መርማሪ ታማሚው ከክኒኑ ሽታ ብቻ ተነስቶ የትኛው እንደደረሰው እንዳያውቅ ሳይቀር ማሰብ ይገባዋል።

ስለዚህ ለልጅ ሕክምናው ልማድን በመቀልበስ ሥልጠና ቢጀመር ይሻላል እላለሁ፤ በዚህ ሥልጠና ልጁ እጁ ሲነሳ አስተውሎ ጡጫ መጨበጥን የመሰለ ሌላ ድርጊት ይተካል። አዋቂ ኤንኤሲን መሞከር ከፈለገ፣ በተለይ አስም ካለበት ወይም ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ማቅለሽለሽ ሊያጋጥመው ስለሚችልም ይዘጋጅ፤ በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎም አይተወው።