ከባንድ የወጣ ድምፃዊ የመጀመሪያ ሶሎ አልበም ምንድን ነው?

«ሶልስበሪ ሂል» የተባለውን ዘፈን ሳዳምጥ ሁልጊዜ በጣቴ ጠረጴዛ እየመታሁ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛውን ምት ስጠብቅ ጊታሩ ወደ አንድ ተመልሷል። አብዛኛው የሮክ ሙዚቃ በአራት ምት ስለሚሄድ ጆሮ አራትን ወይም ስምንትን ለምዷል። ይህ ዘፈን ግን ዙሩ ሊሞላ አንዲት ምት ሲቀረው ቀድሞ ይነሣል። ያደናቅፋል ብለው ሲጠብቁት አያደናቅፍም፤ መንገድ ለመጀመር የቸኮለ ሰው እርምጃ ይመስላል። ዘፋኙ እንግሊዛዊው ፒተር ጋብሪኤል ነው። ጀነሲስ ከተባለው ባንድ ከወጣ በኋላ በስሙ ያወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ይኸው ነው። ታሪኩም የመውጣት ታሪክ ነው፦ ባዝ ከተማ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ በምሽት ቆሞ የከተማዋን መብራት የሚያይ ሰው፣ የለመደውን ኑሮ ትቶ ለመሄድ ልቡን ሲያጠነክር።

ሶሎ አልበም በአጭሩ በባንድ ስም ሳይሆን በአንድ ሙዚቀኛ ስም የሚወጣ አልበም ነው። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጉዳዩን እምብርት አይነካም። ከባንድ የወጣ ድምፃዊ የመጀመሪያ ሶሎ አልበም፣ ድምፁን ይዞ ድምፀቱን ትቶ የወጣ ሰው ሥራ ነው ብል እመርጣለሁ። ድምፁ ከጉሮሮው ጋር አብሮት ይሄዳል፤ ማንም አይቀማውም። ድምፀቱ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም። ከበሮ መቺው ምቱን በጥቂቱ የሚያዘገይበት ልማድ፣ ጊታር ተጫዋቹ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ጣልቃ የሚገባበት መንገድ፣ ልምምድ ላይ አንዱ «ይህ አይሆንም» ሲል ሌላው የሚያመጣው መፍትሔ፣ ይህ ሁሉ ለዓመታት ተዋህዶ አድማጭ በመጀመሪያው ሴኮንድ የሚለየውን ድምፀት ይሠራል። ጎጆ የወጣ ልጅ የቤተሰቡን መልክና ጠባይ ይዞ ይወጣል፤ የቤቱን ምሰሶ ግን ነቅሎ አይወስድም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሶሎ አልበም ከሁለተኛውም ከሦስተኛውም የሚለይ ሥራ ነው። በሁለተኛው ላይ ድምፃዊው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነው። በመጀመሪያው ላይ ግን አድማጩ ያልተገኙትን ሰዎችም አብሮ ይሰማል። አዲሱ ጊታር ሲገባ የድሮው ጊታር ተጫዋች ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር በጆሮው ይመላለሳል።

ጋብሪኤል ጀነሲስን ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ ባንዱ በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት በተማሩ ልጆች የተጀመረ ነው። መድረክ ላይ የቀበሮ ጭንብል አጥልቆ፣ ቀይ ቀሚስ ለብሶ የሚዘፍን ሰው በመሆኑ ብዙ ተመልካች ባንዱን የሚያውቀው በእሱ ነበር። መልቀቁ በ1975 ሲታወቅ ብዙዎች ጀነሲስ አበቃለት አሉ። ባንዱ ግን ብዙ ድምፃውያንን ሞክሮ የሚሆነው ሲያጣ ከበሮ መቺው ፊል ኮሊንስ ከከበሮው ጀርባ ተነሥቶ ማይክሮፎኑን ያዘ። ጋብሪኤል የመጀመሪያ አልበሙን በ1977 መጀመሪያ እስኪያወጣ ድረስ የድሮ ጓደኞቹ ያለ እሱ ሁለት አልበሞችን አውጥተው ነበር። የቀረው ቤት እንዳልፈረሰ፣ ይልቁንም እንደተስፋፋ እያየ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ድንበሩን ማስመር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ነገሮች አሉና። ፊል ኮሊንስ ራሱ በ1981፣ የኩዊን ድምፃዊ ፍሬዲ መርኩሪም በ1985 የመጀመሪያ ሶሎ አልበሞቻቸውን ያወጡት ባንዶቻቸውን ሳይለቁ ነው። ቢሳካም ባይሳካም የሚመለሱበት ቤት ነበራቸው። ሮበርት ፕላንት ደግሞ ባንድ ትቶ አልወጣም፤ የሌድ ዘፔሊን ከበሮ መቺ ጆን ቦናም በ1980 ሲሞት የቀሩት አባላት ባንዱን ዘጉትና ፕላንት በ1982 ብቻውን ብቅ አለ። የእሱ የመጀመሪያ አልበም የሐዘን አልበም ነው እንጂ የመለየት አይደለም። እኔ እነዚህን ሦስት ዓይነቶች አንድ ላይ መጨፍለቅ አልወድም። ወጥቶ የሄደ፣ ሳይወጣ የሞከረ፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ እያንዳንዳቸው ስቱዲዮ የሚገቡበት ልብ የተለያየ ነው።

ሽፋኑ ላይ የተጻፈ ስምም ሁልጊዜ አይታመንም። የክሪደንስ ክሊርወተር ሪቫይቫል ድምፃዊ የነበረው አሜሪካዊው ጆን ፎገርቲ ባንዱ በ1972 ከተበተነ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ሽፋን ላይ የባንድ ስም ነበር፦ ብሉ ሪጅ ሬንጀርስ። እንዲህ የሚባል ባንድ ግን አልነበረም። ጊታሩንም ቤዙንም ከበሮውንም የተጫወተው፣ ድምፁንም ደራርቦ የዘፈነው ፎገርቲ ብቻውን ነው።

የፎገርቲን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ከባንድ መውጣት በወረቀት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። አንድ ባንድ ከአሳታሚ ኩባንያ ጋር ሲፈራረም አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ በጋራም በተናጠልም ይታሰራሉ። በውሉ ውስጥም ስለሚለቅ አባል የሚናገር አንቀጽ ይኖራል። ድምፃዊው ባንዱን ቢለቅ ኩባንያው ሶሎ ሥራውን የማሳተም ቅድሚያ መብት አለው፤ ካልፈለገ ይለቀዋል፤ ከፈለገ ደግሞ ያልተከፈለውን የባንዱን ዕዳ ከአዲሱ ገቢ ላይ ሊቀንስ የሚችልበትም ውል አለ። ጓደኞቹን የተለየ ሰው ከውሉ አልተለየም ማለት ነው። የባንዱ ስምም፣ የድሮዎቹ ቅጂዎችም፣ አንዳንዴ የዘፈኖቹ ባለቤትነት ጭምር ሌላ ዘንድ ይቀራል።

ፎገርቲ ከድሮ አሳታሚው ለመላቀቅ በክሪደንስ ዘፈኖች ላይ የነበረውን መብት አሳልፎ ሰጠ። በ1985 በሌላ ኩባንያ በኩል አዲስ አልበም ሲያወጣ የድሮው አሳታሚ ፋንታሲ ከሰሰው። ክሱ የሚገርም ነው፦ አንዱ አዲስ ዘፈን ፎገርቲ ራሱ ለክሪደንስ ከጻፈው፣ መብቱ ግን አሁን በኩባንያው እጅ ካለ ዘፈን ተቀድቷል የሚል። ሰውየው ራሱን ሰርቀሃል ተባለ። በ1988 ጊታሩን ይዞ ምስክር ሳጥን ውስጥ ገባና ሁለቱ ዘፈኖች እንዴት እንደተሠሩ ለዳኞች እየተጫወተ አስረዳ፤ ተፈረደለትም። የጠበቃ ወጪው ጉዳይ ደግሞ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1994 ውሳኔ አገኘ። አንድ ድምፃዊ ባንድ ከለቀቀ በኋላ ልክ እንደ ድሮው መዝፈን ቢፈልግ እንኳ ምን ሊገጥመው እንደሚችል እዚህ ይታያል። ጣቶቹና ጉሮሮው የለመዱት አካሄድ በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ተጽፏል።

ድምፃዊው አዲሱን ድምፀት ከየት ያመጣዋል? አንዱ መንገድ ማንንም አለመጥራት ነው። የቢትልስ አባል የነበረው ፖል ማካርትኒ በ1969 ማብቂያ ላይ አራት ትራክ የሚቀዳ ማሽን ለንደን ቤቱ አስገብቶ፣ ማይክሮፎኑን ያለ ማደባለቂያ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ሰክቶ፣ መሣሪያዎቹን ሁሉ ራሱ እየተጫወተ መቅዳት ጀመረ። በሚያዝያ 1970 የወጣው ያ አልበም ሻካራ ነው፤ ያላለቁ የሚመስሉ ቁርጥራጮች አሉበት። እኔ ግን የምወደው በዚሁ ነው። በዓለም ላይ ከማንም በላይ በጥንቃቄ ይቀዳ የነበረ ባንድ አባል፣ በራፉን ዘግቶ ለራሱ ሲያንጎራጉር ይሰማል።

ሌላው መንገድ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው፤ ኦዚ ኦዝቦርን የሄደበት። ብላክ ሳባዝ በ1979 ሲያባርረው (መውጣት ሁልጊዜ በፈቃድ አይደለም) ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሆቴል ክፍል ዘግቶ ለወራት ሲጠጣ ከረመ። ኋላ ሚስቱ የሆነችው ሻሮን ከዚያ አውጥታ ሥራ አስኪያጁ ሆነች። ኦዚ ጊታር ተጫዋች አልነበረም፤ በባንዱም ውስጥ ግጥሙን በብዛት ይጽፍ የነበረው ቤዝ ተጫዋቹ ነበር። ብቻውን ሲቀር በእጁ የነበረው ያ የሚያለቅስና የሚያስጠነቅቅ የሚመስል ድምፁና ዜማ የመፍጠር ተሰጥኦው ነው። ስለዚህ ሰው ፈለገ፤ ያገኘውም ራንዲ ሮድስ የተባለ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ጊታር ተጫዋች ነበር። ግጥሙን በብዛት የጻፈው አሁንም ቤዝ ተጫዋች ነበር፣ ቦብ ዴዝሊ። በ1980 የወጣው «ብሊዛርድ ኦቭ ኦዝ» የተሰኘው አልበም የተሠራው እንዲህ ነው።

በዚህ አልበም ውስጥ አንድ ደቂቃ የማይሞላ «ዲ» የተባለ ቁራጭ አለ። ሮድስ ለእናቱ የደረሰው ነው። የናይለን ክር ጊታር ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም፣ ኦዚም የለም። ጣቶቹ ከክር ወደ ክር ሲሻገሩ ይሰማሉ፤ ከዚያ ያበቃል። አንድ ድምፃዊ በሕይወቱ እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ዓለም ሁሉ «አለቀለት» ባለበት ጊዜ፣ በራሱ ስም በሚወጣ አልበም ላይ ዝም ብሎ ለሌላ ሰው እናት የተጻፈ ዜማ አሳለፈ። ሶሎ የሚለው ቃል «ብቻውን» ማለት አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳኝ የለም። ሶሎ ማለት ምርጫው የማን እንደሆነ የሚታወቅበት ነው፤ ማን ይጫወት፣ የቱ ዘፈን ይግባ፣ ማን ዝም ይበል የሚለው።

ምርጫው የአንድ ሰው ሲሆን በደልም ሊመጣ ይችላል። ይኸው አልበም በ2002 እንደገና ሲታተም የዴዝሊ ቤዝና የሊ ከርስሌክ ከበሮ ተነሥተው ሌሎች ሙዚቀኞች በላዩ ተጫወቱበት፤ ቀደም ብሎ በክፍያና በስም አጠቃቀም ክርክር ነበር። አድማጮች አላመለጣቸውም፤ ሃያ ዓመት በጆሯቸው የኖረ ከበሮ ሲለወጥ ወዲያው አወቁት። በ2011 የመጀመሪያው ቅጂ ተመለሰ። በአልበሙ ሽፋን ላይ የሰፈረው ስም አንድ ቢሆንም አድማጩ ያስመለሰው ሌሎቹን ነው።

ወደ ጋብሪኤል ልመለስ። የእሱ መንገድ መካከለኛው ነው፦ ጠንካራ ፕሮዲዩሰር ይዞ በሙያቸው የተፈተኑ ሙዚቀኞችን መቅጠር። ፕሮዲዩሰሩ ካናዳዊው ቦብ ኤዝሪን ነበር፤ ቀረጻውም በአብዛኛው ቶሮንቶ ተካሄደ። ሽፋኑ ላይ ጋብሪኤል የዝናብ ጠብታ በሞላበት መኪና ውስጥ ተቀምጦ በመስታወቱ በኩል ደብዝዞ ይታያል። ጭንብሉ ወልቋል፤ ፊቱ ግን ገና በደንብ አልተገለጠም። ርእሱም ስሙ ብቻ ነው። ውስጡ ሲገቡ አንዱ ዘፈን ያለ መሣሪያ በአራት ድምፅ ኅብር ይጀምራል፤ ሌላው ዘገምተኛ ብሉዝ ነው፤ ሌላው ላይ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ይገባል። አንዳንድ ሰው ይህን መዝረክረክ ይለዋል። እኔ አይመስለኝም። ለስምንት ዓመታት ለእያንዳንዱ ሐሳብ የአራት ሰው ስምምነት ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ በሩ ሲከፈትለት ሁሉንም ክፍል አንድ ጊዜ ገብቶ ማየቱ ነው።

የአልበሙ መዝጊያ «ሂር ካምስ ዘ ፍለድ» ይባላል፤ ስለሚመጣ ጎርፍ ነው። በ1977ቱ ቅጂ ላይ ዝግ ብሎ ይጀምርና አዝማቹ ላይ ከበሮውና ኤሌክትሪክ ጊታሩ ተያይዘው ይናዳሉ፤ የጋብሪኤል ድምፅ በዚያ ግርግር መካከል ለመሰማት ይታገላል። እሱም ቅንብሩ እንደበዛበት በኋላ ተናግሯል። በ1979 ጊታር ተጫዋቹ ሮበርት ፍሪፕ የራሱን ሶሎ አልበም ሲያወጣ ይኸው ዘፈን እንደገና ተቀዳ። ከበሮው የለም። ከኋላ በስሱ ከሚንሳፈፍ ድምፅ በቀር የሚሰማው የጋብሪኤል ፒያኖና ጉሮሮው ነው። ሁለቱን ቅጂዎች በተከታታይ አዳምጡ፤ በመጀመሪያው ጎርፉ ደርሶ ሁሉን ይዞ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ገና አልደረሰም፤ አንድ ሰው መስኮት አጠገብ ቆሞ የውኃውን መምጣት እያየ ቀስ ብሎ ይናገራል።