አፈ ታሪክና የመዝናኛ ገበያ፦ ከጎጃም ሲታይ

የግሪክና የሰሜን አውሮፓ አማልክት በፊልም፣ በኮሚክስና በቪዲዮ ጌም ዓለምን አዳርሰዋል። ተረታቸው ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። ቀድሞ ተጻፈ፣ በትምህርት ቤት ተሰራጨ፣ ቅር የሚለው ብዙ አምላኪ አልነበረም፣ በኋላም ገንዘብ ያለው ኢንዱስትሪ አገኘው።

የባለመዶሻው ቶር ጉዞ ይህን በደንብ ያሳያል። አይስላንድ በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ ክርስትናን ተቀበለች። በ1220 ገደማ ስኖሪ ስቱርሉሶን የጥንቶቹን አማልክት ታሪክ ጻፈ፤ ያዘጋጀው ለወጣት ገጣሚዎች መማሪያ እንዲሆን ነበር። በዚያ አገር ግጥም ወርቅ «የሲፍ ጸጉር» ይባላል (ሲፍ የቶር ሚስት ናት)፤ ታሪኩን ያልሰማ ምስጢሩን አይፈታም። መጽሐፉ ታተመ፣ ተተረጎመ። በ1962 የአሜሪካው የኮሚክስ አሳታሚ ማርቭል ቶርን የኮሚክስ ጀግና ሲያደርገው ፈቃድ የሚጠየቅ ባለቤት አልነበረም።

ግጥም የቆመበት ታሪክ ለተማሪ እንዴት ይተላለፍ ለሚለው ጥያቄ ጎጃም ሌላ መልስ ሰጠ። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ሁለት ቤት ካለው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና፣ ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ሲዘልቅ፣ ሰምና ወርቁ የቆመበትን ታሪክ የሚያገኘው በአብዛኛው ከመምህሩ አፍ ነው። ቅኔ በየጊዜው አዲስ ይዘረፋል፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። አእምሮን የሚስል ድንቅ ሥርዓት ነው፤ ለፊልም ሠሪ ግን ከመደርደሪያ የሚነሣ መጽሐፍ አያስቀርም። ገድላትና ተአምራት ቢጻፉም ብዙዎቹ በግእዝ፣ በብራና፣ በየገዳሙ ዕቃ ቤት ናቸው።

ሌላው ጉዳይ እምነት ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለግሽ ዓባይ ምንጭ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ውኃው ሳያርስ መለሰላቸው ይባላል። ለስክሪን የተመቸ ታሪክ ነው። ነገር ግን ሰከላ ያለው ይህ ምንጭ ዛሬም ጠበል ነው፤ ጥር 13 የጻድቁ በዓል ይነግሣል። እሳቸውን ጎራዴ አስይዞ ማፋለም ምእመኑን ያስቀይማል፣ ማስቀየሙም ተገቢ ነው። እምነት ብቻውን ግን እንቅፋት አይሆንም፤ ሕንድ በ1987 የሂንዱዎችን ቅዱስ ታሪክ ራማያናን በመንግሥት ቴሌቪዥን በተከታታይ ስታሳይ አምልኮው ሕያው ነበር። እሷ ሂንዲ የሚሰማ ግዙፍ ተመልካችና አገር አቀፍ ሥርጭት ነበራት።

የጎጃምን ትውፊት ወደ ስክሪን ማምጣት የሚሻ በድምፅ ቀረጻ ይጀምር። አንዱን ታሪክ ቢያንስ ከሦስት ተራኪዎች መቅዳት፣ የተነገረበትን ቦታና አጋጣሚ መመዝገብ ያስፈልጋል። በአዊ ከላስታ መጡ የሚባሉት የሰባቱ ወንድማማቾች ታሪክ (አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከል፣ ዚገም) መጀመሪያ በአገሬው ቋንቋ በአውንጊ ይቀዳ፤ በአማርኛ ብቻ ከተያዘ የአነጋገሩ ለዛ ይቀራል። በብዛት የሚበላሸው የተለያዩት ቅጂዎች ተጨፍልቀው አንድ ሲደረጉ ነው፤ የመንደሮቹ ልዩነት ራሱ የድራማው ግጭት መሆን ይችል ነበር። የገድል ታሪክ ከሆነ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር መነጋገር ያለበት ድርሰቱ ሳይጻፍ ነው፤ ካሜራ ከተተከለ በኋላ የሚነሣ ተቃውሞ ሥራውን ያስቆመዋል።