በመጸው ወቅት በጎጃም የጣና ዳርቻ የሚታዩ ወፎች

የጣና ደቡባዊና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ በኩል እስከ ቁንዝላ ድረስ፣ የጎጃም ነው። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተስማምተው እንዲጠበቁ የሚደረግበት አካባቢ) ተመዝግቧል። ክረምቱ ወጥቶ መጸው ሲገባ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ወፎች እዚህ ይወርዳሉ፤ መጋቢት ላይ አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ።

ወፍ ለማየት የሚመጣ ሰው ከሁሉ በፊት የውሃውን ጠባይ ይወቅ። ጣና በመስከረም ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ እየጎደለ ይሄዳል። ውሃው ሲሸሽ ትልና ቀንድ አውጣ የሞላበት ጭቃ ይገለጣል፤ እግረ ረጃጅሞቹ ወፎችም የውሃውን ጠርዝ ተከትለው ይጓዛሉ። በጥቅምት ወፍ የሞላበት ረግረግ በጥር የሽምብራ ወይም የጓያ ማሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አምና ወፍ የታየበትን ቦታ ከመፈለግ፣ ውሃው ዛሬ የት እንደደረሰ እረኞችንና ታንኳ ቀዛፊዎችን መጠየቅ ይሻላል። የውሃውን መጠን የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በዓባይ መውጫ ላይ በ1988 ዓ.ም የተሠራው የጨራ ጨራ ግድብና በ2002 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ድርሻ አላቸው።

የወቅቱ ትልቅ እንግዳ ከፊንላንድና ከባልቲክ አገሮች ጭምር የሚመጣው ግራጫ ክሬን፣ እግሩና አንገቱ ረጅም የሆነ ትልቅ ወፍ፣ ነው። ሌሊት ጅብና ቀበሮ እንዳይደርሱበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ የተረፈ እህል ለመልቀም ወደ ማሳ ይበራል፤ ሲመሽ በመንጋ ይመለሳል። አዲስ የተዘራ ሽምብራም ስለሚለቅም ገበሬው ቢያባርረው አይፈረድበትም። ብዛቱን ለመቁጠር የሚመቸው የምሽቱ መመለሻ ነው፤ አሥር አሥሩን እየከፈሉ ይቆጥሩታል። ቀን በየማሳው ከተቆጠረ ግን ከቦታ ቦታ የተዛወረው መንጋ ሁለት ጊዜ ይገባል።

ሦስት ዓይነት ክሬን ስላለ መለየት ያስፈልጋል። እንግዳው ግራጫ ሲሆን አንገቱ ጥቁርና ነጭ፣ አናቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ነው፤ የዘንድሮው ጫጩት ግን ጭንቅላቱ ቡናማ ስለሆነ ብዙ ሰው ሌላ ወፍ ይመስለዋል። የአገሬው ባለ ዘውድ ክሬን ራሱ ላይ ወርቃማ ጉንጉን አለው። ሦስተኛው ከሁሉም ይረዝማል፤ አንገቱ ነጭ ነው፤ ከአገጩ ሥር ሁለት ሥጋ ተንጠልጥሎበታል። በሩቅ ሲበሩ ክሬኖች አንገታቸውን ዘርግተው ነው፤ አንገቱን አጥፎ የሚበር ከሆነ ክሬን አይደለም።

ከክሬኑ ሌላ ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎች፣ ቢጫ ደረት ያላቸው ጅራት ነቅናቂ ወፎችና ዓሣ የሚያጠምደው ስደተኛ ጭልፊት ይታያሉ። ነጭ ራስ ያለው ዓሣ በል ንስር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ነው።

ብርሃኑ በዳርቻው ይለያያል። በምዕራቡ ዳርቻ፣ በቁንዝላ በኩል፣ ጠዋት ወደ ሐይቁ ማየት ፀሐይን ፊት ለፊት መቀበል ነው፤ ወፉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ጠዋት ጀርባን ለሐይቁ ሰጥቶ ማሳውን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ውሃውን ማየት ይበጃል። ባሕር ዳር ወደ ሰሜን ስለምታይ ይህ ችግር የለባትም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጀልባ ይናወጣል፤ በሩቅ ማያ መነጽር ማየትም ያስቸግራል። 8 በ42 የሆነ መነጽር (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ለጀልባ ይበቃል፤ ለረግረጉ ግን በሦስት እግር የሚቆም ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ሞተር ጀልባን ወደ ክሬኖቹ ማደሪያ ማስጠጋት በጭራሽ አይገባም፤ በምሽት የተነሣ መንጋ ለረጅሙ መልስ ጉዞ የሚያስፈልገውን ጉልበት በከንቱ ያባክናል።

የዘጌ ጥላ ያለው የቡና ደን የጫካ ወፎችና ጦጣዎች መኖሪያ ነው። ደኑ የቆየው በገዳማቱ ሥርዓት መሠረት በዚያ ስለማይታረስ ነው።

በዓባይ መውጫ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ ማለዳ በእሱና በውሃው መካከል መቆም አደገኛ ነው። ቢልሃርዚያ (ከውሃ በቆዳ በኩል በሚገባ ትል የሚመጣ በሽታ) ስላለ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ክረምቱ እንደወጣ ወባ ስለሚበረታ አጎበር መያዝ ግድ ነው።