ወላጅ በካንሰር ሲታከም፦ የቤት ኑሮና መዝናኛ በአዲስ አበባ

በኢትዮጵያ የካንሰር ሕክምና በሆስፒታል ይሰጥ እንጂ ማስታመሙ የሚካሄደው በቤት ነው። የታመመው እናት ወይም አባት ሲሆን ደግሞ አስታማሚዎቹ በአመዛኙ የገዛ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ካርድ አውጥቶ ወረፋ ይይዛል፣ ሌላዋ ጓዳውን ትረከባለች፣ በውጭ አገር ያለው ገንዘብ ይልካል፣ ታናሹ ደግሞ ምን እንደተፈጠረ በቅጡ ሳይነገረው ድምፅህን ቀንስ ይባላል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው በሕክምናው ወራት ሥራ፣ ምግብ፣ እንግዳና መዝናኛ በአዲስ አበባ ቤተሰቦች ዘንድ የሚይዙትን መልክ ነው።

የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ከሃያ ዓመታት በላይ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጅማና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን ጀምረዋል፤ ይሁን እንጂ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ማእከላቱ ጥቂት በመሆናቸው ወረፋው ዛሬም ረጅም ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ስለሆኑ፣ በብዙ ቤት የምትታመመው ጓዳውን፣ ዕቁቡንና የልጆቹን ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ይዛ የቆየችው እናት ናት። እሷ ስትተኛ የሚጎድለው የአንድ ሰው ጉልበት ብቻ ሳይሆን የቤቱ አመራር ጭምር ነው።

የማይጠራው ስም

የበሽታው ነባር የአማርኛ ስም ነቀርሳ ነው፤ ዛሬ በከተማ ሁሉም የሚያውቀው ካንሰር የሚለው ነው፤ በታማሚው ቤት ግን ሁለቱም እምብዛም አይነሡም። በምትካቸው «ያ በሽታ»፣ «ክፉው በሽታ» ወይም «ትንሽ እብጠት ነገር» ይባላል። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚያነጋግረው ታላቁን ልጅ ነው፤ ልጁም ለእናቱ እንዳይነገራት ይለምናል። ልምዱ የመጣው ከመርዶ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል፤ ክፉ ወሬ ሰዓቱ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ በሚነገርበት ባህል ያደገ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ቃል በኮሪደር ላይ፣ ያውም ለባለጉዳዩ ራሱ፣ በቀጥታ መናገር እንደ ጭካኔ ይታየዋል።

ምስጢሩ መዝናኛውንም ይነካል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 የሚታሰበው የዓለም የካንሰር ቀን ወይም የጡት ካንሰር ግንዛቤ ወር የሆነው ኦክቶበር ሲደርስ በቴሌቪዥን ስለ በሽታው ብዙ ይነገራል፤ ሪሞቱን የያዘችው ልጅ ደግሞ ቃሉ ገና ከአስተዋዋቂው አፍ ሳይወጣ ጣቢያ ትቀይራለች። እናትየውም ጣቢያው ለምን እንደተቀየረ አትጠይቅም። በኬሞ ክፍል ከጎኗ ከተቀመጡት ሴቶች ጋር አንድ ዓይነት መድኃኒት እየወሰደች ስንት ወር ሰንብታለችና፣ የማታውቀው ነገር ጥቂት ነው። ልጆቹ ከእናት ይደብቃሉ፣ እናት ማወቋን ከልጆቹ ትደብቃለች፤ ሐኪሞች ዛሬ ዛሬ ለታማሚው በግልጽ መንገርን የሚመክሩትም በአንድ በኩል ይህ ድርብ ድካም ማንንም ስለማይጠቅም ነው።

በዙር የሚቆጠር ወር

ኬሞቴራፒ በአማርኛ ንግግር በአጭሩ «ኬሞ» ሲሆን፣ መጠየቂያውም «ስንተኛ ዙር ላይ ናቸው?» የሚለው ነው። ከተለመዱት አሰጣጦች ብዙዎቹ በየ21 ቀኑ ይደጋገማሉ፤ ስለዚህ ቤቱ ከመደበኛው ወር ይልቅ በዚህ ቁጥር መኖር ይጀምራል። መድኃኒቱ በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ድካም ይበረታል፤ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚቀንሱ ታማሚው ለተላላፊ በሽታ ይጋለጣል፤ ሦስተኛው ሳምንት ግን ብዙ ጊዜ ደኅናው ሳምንት ነው። ልብ ብሎ ያየ ቤተሰብ ክርስትናውን፣ የልደት ኬኩን፣ የዘመድ ጥየቃውን ወደዚህ ሳምንት ይገፋል። በጡት ካንሰር ሕክምና ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ዶክሶሩቢሲን ቀለሙ ቀይ በመሆኑ ሽንትን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያቀላል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው አስታማሚ ደም መስሎት ሌሊቱን ሆስፒታል ይሮጣል። በአንጻሩ በእርግጥ መሮጥን የሚጠይቀው ትኩሳት ነው፤ የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከደረሰ ነገ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ፀጉር መርገፍ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ይህ በየትኛውም አገር ያለ ነገር ቢሆንም በእኛ ዘንድ የራሱ ክብደት አለው፤ ፀጉሯን የተላጨች ሴት በባህሉ ሐዘንተኛ ናትና፣ እናት ሻሿ ሸርተት ባለ ጊዜ ጎረቤት የሚጠይቀው «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ማን ሞተብሽ?» ብሎ ነው።

ጓዳና ቡና

ከሁሉ በፊት የሚለወጠው ሽታ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲታሽ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ቡና ሲቆላ የሚወጣው፣ ለዘመናት የቤቱ መልክ የነበረው መዓዛ ለታማሚዋ ማቅለሽለሽን ይቀሰቅሳል። አፍ ሲቆስል በርበሬና ሚጥሚጣ ይቀሩና አልጫ፣ አጥሚት፣ ሾርባና የቀዘቀዘ ፍራፍሬ ይተካሉ። ክትፎና ጥሬ ሥጋ፣ ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎ በሕክምናው ወራት ይከለከላሉ፤ በበዓል ቀን ይህን ክልከላ ለአያት ማስረዳት ግን ከማንኛውም የሕክምና ጉዳይ ይከብዳል። መድኃኒቱ ብዙዎችን የብረት ጣዕም በአፋቸው እንዲሰማቸው ስለሚያደርግ በሹካ ለሚበሉ አገሮች የፕላስቲክ ማንኪያ ይመከራል፤ እንጀራ በእጁ የሚበላ ሰው ቢያንስ ከዚህ ድኗል። በሌላ በኩል ጉርሻ አለ። ጠያቂ ሁሉ በገዛ እጁ አንዲት ጉርሻ ካላጎረስኩ ሲል፣ ሊያስመልሳት የደረሰች እናት ለይሉኝታ ብላ ትውጣለች፤ ስለዚህም እጅ የሚታጠብበትን ማስታጠቢያ በር ላይ የሚያቆሙና ጉርሻን ጨርሶ የሚከለክሉ ልጆች በዘመድ ዘንድ ባለጌ ቢባሉም ትክክል ናቸው።

ጾም ሌላው ጉዳይ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለታመመ ሰው ላለመጾም ፈቃድ ቢኖርም፣ 55 ቀን የሚጾመውን ዐቢይ ጾም ዕድሜ ልኳን ያልገደፈች እናት እንቁላል አልነካም ስትል ከሐኪሙ ይልቅ የንስሐ አባቷ ቃል ይሰማል። ጠበልም ከሕክምናው ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ችግር የሚሆነው ቀጠሮ ሲታለፍ ወይም መድኃኒት ሲቋረጥ ነው።

ቡናው ግን አይቀርም። መቁላቱ ከሳሎን ወደ ግቢ ወይም ወደ ደረጃው ሥር ይወጣል፤ የኮንዶሚኒየም ቤት ከሆነ ወደ በረንዳ። አቦሉ ተቀድቶ ሲገባ ታማሚዋ ባትጠጣም ከረከቦቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ቶናና በረካ እስኪያልቅም ወሬ ትሰማለች። ብዙ ሴቶች የሚናፍቁት ይህን ቁጭ ማለት ነው፤ ሲኒው እጃቸው ላይ መኖር አለመኖሩ ሁለተኛ ነገር ነው።

ሥራና ገንዘብ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል፤ ለከባድና ልዩ ሁኔታ ደግሞ ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊፈቀድለት ይችላል። ጨረር በሳምንት አምስት ቀን ለተከታታይ ሳምንታት ስለሚሰጥ ይህ አይበቃም፤ ክፍተቱን የሚሞላው የዓመት ዕረፍትና የአለቃ በጎ ፈቃድ ነው፣ እነሱ ሲያልቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራዋን የምትለቀው ሴት ልጅ ናት። እድርም ቢሆን በአመዛኙ የተሠራው ለቀብር እንጂ ለሕመም አይደለም፤ ድንኳኑና ወንበሩ የሚመጡት ገንዘቡ ይበልጥ ያስፈልግ የነበረበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡት ማረፊያ ራሱ ሸክም ነው። የአራት ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በአዲስ አበባ ለእንዲህ ያሉ ታማሚዎች ማረፊያና ምግብ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ ሕመም ያስታግሣል፤ በፈሳሽ መልክ የሚዋጥ ሞርፊን ሕመሙን ሲያስታግሥለት፣ ሰው ምግብ ለመቅመስና ከቤተሰቡ ጋር ለመጨዋወት ይበቃል።

ጨዋታ በታማሚ ቤት

በለቅሶ ቤት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይዘጋሉ፣ ሙዚቃ አይከፈትም፤ በአንዳንድ ቤት ይህ እስከ ተዝካሩ ይዘልቃል። ብዙ ቤተሰቦች ይህንኑ ደንብ ሳያስቡት ወደ ሕመም ጊዜ ያመጡታል። ወላጁ ገና እየታከመ ሳለ ዘፈን ይጠፋል፣ ልጆች በሹክሹክታ ይጫወታሉ፣ የሳቀ ሰው አፉን ይይዛል፤ ጠያቂም ሳሎኑን በዝምታ ሞልቶ «እግዜር ይማርዎ» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። ታማሚው ይህን ሁሉ ከአልጋው ሆኖ ያዳምጣል፣ ትርጉሙም አይጠፋውም። ለሟች የተሠራን ሥርዓት ለሕያው ማድረግ አክብሮት ነው ብሎ ለመቀበል ያስቸግራል።

የደንቡ መላላት በአብዛኛው የሚጀምረው ከታማሚው ራሱ ነው፤ «ምነው ቤቱ ጭር አለ፣ ክፈቱት እንጂ» ይላል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡት የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ለረጅም የአልጋ ቀናት ምቹ ሆነው ተገኝተዋል፤ በየዕለቱ ስለሚቀጥሉ ለነገ የሚጠበቅ ነገር ያኖራሉ። እናት በቀጠሮ ምክንያት ያመለጣትን ክፍል ልጇ ታክሲ ውስጥ ትተርክላታለች፤ ክፉዋን አማት በጋራ ሲረግሙም መንገዱ ያጥራል። ማቅለሽለሽን ለመከላከል ከኬሞው ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን እንቅልፍ ስለሚነሳ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በትራስ ሥር ከሚበራ ስልክ በዝግታ የሚሰማ ስብከት፣ መዝሙር ወይም የመጽሐፍ ትረካ የዚህ ዘመን ታማሚ ቤት አንዱ ምልክት ነው። ማንበብ ለደከመው ዓይን ትረካ ትልቅ ዕረፍት ነው።

የአባቶች መዝናኛ ከቤት ውጭ የነበረ ስለሆነ ለመተካት ይበልጥ ያስቸግራል። ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ሆኖ ያይ የነበረ አባት በሕዝብ ብዛትና በጉንፋን ምክንያት ሲከለከል፣ ልጁ ጨዋታውን በስልክ ዳታ እየከፈተ ወደ አልጋው ያመጣለታል። ሁለትና ሦስት የአርሰናል ደጋፊ ጎረቤቶች በዚሁ ሰበብ ብቅ ይላሉ፤ እነዚህ ከጠያቂዎች ሁሉ የተሻሉ ናቸው፣ ዘጠና ደቂቃ ተቀምጠው ስለ በሽታው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተሰዳድበው ይሄዳሉና። ዳማም አለ፦ የለስላሳ ቆርኪ፣ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ተደርጎ፣ በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ በተሰመረ ሰሌዳ። በኬሞው ምክንያት ጣቱ የደነዘዘበት ሰው ቆርኪዋን ለማንሣት ሲታገል ልጅ ያነሣለታል፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አባት ያዝዛል፣ ሲሸነፍም አንሺውን ልጅ ይከስሳል።

ትልልቆቹ ድግሶችም ቦታቸውን ይለውጣሉ። ለሚያዝያ የታሰበ ሠርግ ወደ ጥር ይመጣል፤ ምክንያቱ በይፋ የአዳራሽ ዋጋ ይሆናል፣ ሁሉም ግን እናት እንድታየው መሆኑን ያውቃል። የምርቃት ጋዋን ከዕለቱ ቀድሞ በአልጋው አጠገብ ይለበስና ፎቶ ይነሣበታል። ዘፈን በእንዲህ ያለው ቀን ያለ ጥያቄ ይከፈታል፤ ታማሚዋም ትከሻዋን ነቅነቅ ካደረገች ያ ቪዲዮ በዚያው ሌሊት ዋሽንግተንና ሪያድ ይደርሳል።

ከሩቅ ማስታመም

በአሜሪካ ያለ ልጅ ሁኔታውን ካሟላ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ሕግ ለወላጅ ሕመም እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ግን ያለ አሠሪዋ ስምምነት መምጣት እጅግ ይከብዳታል፣ ከመጣችም የመድኃኒቱ ገንዘብ ይቆማል። ለእነዚህ ልጆች ወሬው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ «እንዳትጨነቅ» ተብሎ ሁለትና ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ። በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ሲደወል እናት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ትሸፍናለች፣ ስልኩን የያዘው ልጅም ብርሃኑን ከፊቷ ያዞራል። በዚያኛው ጫፍ ያለችው ልጅ የእናቷ ጉንጭ መጉደሉን እያየች ስለ ሠፈሩ ወሬና ስለ ድራማው ትጠይቃለች።

ከመጨረሻው ዙር በኋላ

ሕክምናው በደኅና ሲያልቅ ክትትሉ ይቀጥላል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀጠሮው ብዙ ጊዜ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ነው። ጠያቂ ይቀንሳል፣ በሥራ ቦታ ያለው ትዕግሥትም እንዲሁ፤ ድካሙ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጣዕምና ሽታ ከመጨረሻው ኬሞ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ምጣዱ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ ሳሎን ይገባል፤ የተቆላው ቡናም እንደ ቀድሞው ለማሽተት ሲዞር ከእናት ፊት ጥቂት ቆይቶ ያልፋል።