በአጭር ቪዲዮ ውስጥ ምስልና ድምፅ አጽንዖት የሚሰጡበት መንገድ

አጭር ቪዲዮ ዛሬ በስልክ ተቀርጾ በስልክ የሚታይ፣ ከጥቂት ሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች የሚዘልቅ ሥራ ነው። አጭርነቱ ግን አዲስ አይደለም፤ ከሲኒማ ጀማሪዎች መካከል የሆኑት ፈረንሳውያኑ የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ያሳዩአቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ አይሞሉም ነበር። ካሜራው ከቆመበት ስለማይነቃነቅና ምስሉም ስለማይቆረጥ፣ ከሚታየው ሁሉ የትኛውን መከታተል እንዳለበት የሚወስነው በአብዛኛው ተመልካቹ ራሱ ነበር። የዛሬው አዘጋጅ ይህን ውሳኔ በእጁ ይዟል፤ አጽንዖት የምንለውም ከብዙ ነገር መካከል አንዱ ተለይቶ እንዲታይ ወይም እንዲሰማ ማድረግን ነው።

አጽንዖት የሚገኘው ከልዩነት ነው። ሁሉም ነገር በቅርብ ከተቀረጸ፣ ሁሉም ቃል በትልቅ ፊደል ከተጻፈና ሙዚቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከጮኸ፣ ጎልቶ የሚወጣ ነገር አይኖርም። ስለ ቡና አፈላል የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንውሰድ። ረከቦቱ፣ ቄጠማው፣ የዕጣኑ ጢስና የተቀመጡት ሰዎች በሰፊው ከታዩ በኋላ ምስሉ በድንገት ወደ ጀበናው አፍ ቢጠጋና ቀጭኑ ቡና ወደ ሲኒው ሲወርድ ብቻ ቢያሳይ፣ ዓይን ሌላ መሄጃ የለውም። ቁመቱ ከወርዱ በሚበልጠው የ9፡16 የስልክ ምስል ውስጥ ይህ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር በተለይ ያምራል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎችን ግን ይህ ቅርጽ ያጣብባቸዋል። ቀረጻው በሴኮንድ 60 ምስል ተወስዶ በ30 ቢታይ አወራረዱ በግማሽ ይዘገያል፤ ይህ ግን አንዴ ሲሆን ነው የሚሠራው።

የምስሎች ቅደም ተከተልም ትርጉም ይሰጣል። ሩሲያዊው የፊልም ባለሙያ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር አያይዞ ሲያሳይ፣ ተመልካቾች በዚያው ፊት ላይ ረሃብንም ሐዘንንም እንዳነበቡ ይነገራል።

ከሁሉ በላይ ቸል የሚባለው ድምፅ ነው። ቡናው ሲቆላ የሚንጣጣው፣ ሙቀጫው የሚደልቀው፣ ሲኒው ከሲኒ ጋር የሚጋጨው ሁሉ ማይክ ቀረብ ተደርጎ ከተቀዳ ብዙ ማብራሪያን ይተካል። ቡናው ወደ ሲኒው መውረድ ከመጀመሩ አንድ ሴኮንድ አስቀድሞ የጀርባ ሙዚቃው ቢቋረጥ፣ ሲኒው ውስጥ የሚንቆረቆረው ድምፅ ሳይጨመርለት ይጎላል፤ በእኔ ግምት ለአጭር ቪዲዮ ከዚህ ዝምታ የሚበልጥ መሣሪያ የለም። ድምፁ ከምስሉ ጥቂት ቀድሞ ሲገባ ደግሞ ተመልካቹ የሚመጣውን በጆሮው ይጠብቃል። የከበሮ ወፍራም ድምፅ ላይ የተመሠረተ አጽንዖት ግን በትንሿ የስልክ ድምፅ ማውጫ ሲደመጥ ይከስማል፤ ስለዚህ ሥራው በስልክ ጭምር መደመጥ አለበት።

ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ ንግግሩ በጽሑፍ ይታከላል፤ እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «ቡናው ሳይሰክን አትቅዱ» የሚለው ምክር ቃል በቃል እየተገለጠ ሲወጣ አድርጉ ወይም አታድርጉ መባሉ የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ስለዚህ ቀለሙም፣ የምስሉ መቆረጥም «አትቅዱ» ላይ ቢያርፍ ይሻላል። የፊደላችን ጽሑፍ ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና ነው» የሚለው ጽሑፍ «ና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ሲሆን፣ ሲጠብቅ ግን የበዓሉን ስም ይናገራል። በድምፅ የሚከታተል ሰው ወዲያው ይለየዋል፤ ድምፅ ለዘጋው ግን ምስሉ፣ ያልፈላ ጀበና ወይም የገና ጨዋታ በትር አሳይቶ፣ ልዩነቱን መሸከም ይኖርበታል።