የሰው ኮምፒውተር ላይ የሚቀር ገመና፦ የኢንተርኔት ግላዊነት በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠቀም ሁሉ ኮምፒውተር አለው ማለት አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛውና ነጋዴው ላፕቶፕ ሊኖራቸው ይችላል። ከመሀል ሜዳ፣ ከአንኮበር፣ ከደነባ ወይም ከሸዋ ሮቢት ገጠር የሚመጣው ግን ጉዳዩን የሚጨርሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ነው። ስልኩ የራሱ፣ ኮምፒውተሩ የሰው ነው። ስለ ግላዊነት የሚሰጠው ምክር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ኮምፒውተር ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው። «አንቲቫይረስ ጫን፣ ሲስተምህን አድስ» ይባላል። የማንን ሲስተም?

ግላዊነት የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን እንግዳ ይሁን እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ገመና የሚባል የቆየ ቃል አለን። የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውንም፣ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። የጎረቤት ወሬ ግን እየቆየ ይደበዝዛል፣ ይረሳል። የተላከ ፋይል ከሦስት ዓመት በኋላም እንደተላከ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈው ዝርዝር ረጅም ነው። ጽሕፈት፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ላሚኔሽን፣ የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ማየት፣ ሰሞኑ ሲሆን ደግሞ ዲቪ መሙላት። ደንበኛው ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይመጣል። የሱቁ ሠራተኛ «ጋሼ፣ በቴሌግራም ይላኩልኝ» ብላ የቤቱን ቁጥር ትነግራቸዋለች። ይላካል፣ ይታተማል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ሰውየው ይሄዳሉ፣ ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል። አንዴ በቻቱ ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ቴሌግራም የወረደውን ሁሉ በሚያጠራቅምበት ፎልደር ውስጥ።

አንድ ቀን እኔም የራሴን ፋይል ፍለጋ እንዲህ ያለ ፎልደር ውስጥ ገባሁ። የማላውቃቸው ሰዎች የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ ተደርድሯል። የሱቁ ባለቤት ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ማጥፋት ትዝ ብሎት አያውቅም፤ አጥፋልኝ ያለውም የለም።

ስለዚህ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነው። «እባክሽ፣ ከታተመ በኋላ አጥፊልኝ።» እንደ ክስ ይመስላል ብሎ የሚያፍር ብዙ ነው። በቴሌግራም የላከ ሰው መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ቻት ማጥፋት ይችላል፤ ይህን ከራስ ስልክ ማድረግ ይቻላልና ማንንም ማስቸገር አያስፈልግም። ይህ ግን አስቀድሞ ኮምፒውተሩ ላይ የወረደውን ቅጂ አይነካውም። እሱን እዚያው ማጥፋት ያስፈልጋል። ዲሊት ብቻ ከተነካ ፋይሉ ሪሳይክል ቢን የሚባለው ቅርጫት ውስጥ ይገባል እንጂ አይጠፋም፤ ሺፍትን ይዞ ዲሊት መንካት ወይም ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ ይሻላል።

ፍላሽ መያዝም አማራጭ ነው፤ ቻቱ ላይ ምንም አይቀርም። ፍላሽ ግን ቫይረስ ያመጣል። ቤት ሲደርሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው የማግኘት ነገር በየሰፈሩ የሚታወቅ ነው።

ከፋይል የሚብሰው ኢሜይል ነው። ለፓስፖርት ወይም ለሥራ ማመልከቻ ኢሜይል ሲጠየቅ፣ የሌለው ሰው «አንተው ክፈትልኝ» ይላል። የሱቁ ልጅ ይከፍታል። ፓስዎርዱን ራሱ ይመርጣል፤ ጊዜ ለመቆጠብም ለሁሉም ደንበኛ ያንኑ ፓስዎርድ ይሰጣል። ማረጋገጫ ስልክ ሲጠየቅም የራሱን ቁጥር ያስገባል። በወረቀት ላይ ባለቤቱ ደንበኛው ነው፤ ቁልፉ ግን ልጁ ጋ ነው። ከወራት በኋላ የቀጠሮ መልስ በዚያ ኢሜይል ሲመጣ ፓስዎርዱን የሚያውቅ ይጠፋል። ሱቁ ተዘግቶ ወይም ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ከሆነ መከራ ነው። ዲቪም እንደዚሁ ነው። ውጤት የሚታየው በማረጋገጫ ቁጥሩ ስለሆነ፣ ቁጥሩ የታተመበትን ገጽ ሳይቀበሉ ከሱቁ መውጣት ዕድልን ለሰው ትቶ መሄድ ነው። ለኢሜይሉ መፍትሔው የራስን ስልክ ቁጥር ማስገባት፣ ፓስዎርዱን ራስ መጻፍ፣ ማስታወስ ካቃተ ቤት ባለ ደብተር ላይ መያዝ። አዎ፣ ደብተር ላይ። ባለሙያዎች ደብተሩን ላይወዱት ይችላሉ። ሳጥን ውስጥ ያለ ደብተር ግን ሱቅ ውስጥ ካለ የሰው ጭንቅላት ይሻላል።

የራሱን አካውንት በሰው ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው ኢንኮግኒቶ የሚባለውን መስኮት ቢጠቀም ጥሩ ነው። መስኮቱ ሲዘጋ የጎበኘው ገጽና መግቢያው አብረው ይጠፋሉ። ከዚህ በላይ ግን አይሰውርም። የወረደ ፋይል ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈውን የሚቀዳ ፕሮግራም ካለም አያስጥልም። ብሮውዘሩ ፓስዎርዱን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አይሆንም ነው። ሎግ አውት ሳያደርጉ ወጥተው መንገድ ላይ ትዝ ካለዎት መመለስ አያስፈልግም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ያሳያል፤ ከዚያ የማያውቁትን ማስወጣት ነው። የጉግል አካውንትም ተመሳሳይ ዝርዝር አለው።

ስልክ ላይ አደጋው ሌላ መልክ አለው። «ለልጄ ውድድር ድምፅ ስጪልኝ» የሚል ሊንክ ከምታውቂው ሰው ይመጣል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ። ኮዱ የቴሌግራምሽ መግቢያ ነው። ከሰጠሽ በኋላ ያው ሊንክ በአንቺ ስም ለዘመድ አዝማድ ይሄዳል፤ አንዳንዴም «ትንሽ ብር ላኩልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል ይከተላል። ዘመድ በሚተማመንበት አገር ይህ ማታለያ ቶሎ ይይዛል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከኮዱ ሌላ ፓስዎርድ የሚያስጠይቀውን) ያበራ ሰው ኮዱ ቢያመልጠው እንኳ ፓስዎርዱ ይቀራል። ቴሌብር ላይ ደግሞ ፒኑን ለማንም አለመንገር ነው፤ ከድርጅቱ ነው የምደውለው ለሚልም ቢሆን።

ፋይዳ ከመጣ ወዲህ የመታወቂያ ኮፒ መላክ በዝቷል። ዋናው ልዩ ቁጥር 12 አሃዝ ነው፤ እሱን ሳይገልጡ ለመጠቀም ደግሞ ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥር አለ። የመታወቂያን ፎቶ ግሩፕ ላይ «ጠፍቶ የተገኘ» ብሎ መለጠፍ በደግነት የሚደረግ ነገር ነው። ስሙን ብቻ ጽፎ ቁጥሩን መሸፈን ግን ይቻላል።

ሕጉ ከልማዱ ቀድሟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ ደብዳቤን፣ ስልክንና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትን ጭምር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን ይከለክላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃው የተሰበሰበበት ሰው ምን እንደተያዘበት የማወቅና የማስተካከል መብት ይሰጠዋል። አፈጻጸሙን እንዲከታተል ኃላፊነቱ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ አዋጅ ቁጥር የሚጠቅስ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስልክ ከጠፋ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ ከሌላ ስልክ 994 ደውሎ ማዘጋት፤ ምክንያቱም ኮዱ ሁሉ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ባንክና ቴሌብርን ማሳወቅ። ከዚያ በምታምኑት ሰው ስልክ ኢሜይል ከፍቶ የጠፋውን መሣሪያ ከዝርዝሩ ማውጣት። ሲሙ በራስ ስም ካልወጣ ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቆማል። በወንድም ወይም በአጎት ስም የወጣ ሲም የሚይዝ ብዙ ሰው ስላለ፣ ስልኩ ሳይጠፋ ባለስሙን ይዞ ሄዶ ማዛወሩ ይቀላል።